ዓለም እንግዳ በምትመስልበት ሰዓት
ስለ አእምሮ ጤና አጠባበቅ የተዘጋጀ ትምህርት

ጤና አጠባበቅ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እጅን መታጠብን፣ ውሃን ማፍላትንና ቤትን ማጽዳትን ነው። ይሁን እንጂ አእምሮም እንደ ሰውነት የሚታወክበት ጊዜ ስላለ፣ የእርሱም አጠባበቅ ከዚሁ ትምህርት ተለይቶ የሚታይ አይደለም። በዚህ ወር የምናስረዳው፣ ቦርደርላይን ከሚባለው የሰብእና መታወክ ጋር የሚኖሩ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ስለሚደርስባቸው፣ ሐኪሞች ዲሪያላይዜሽን ብለው ስለሚጠሩት ሁኔታ ነው።

1ኛ፤ ሁኔታው ምንድር ነው?

ዲሪያላይዜሽን ማለት በዙሪያ ያለው ዓለም እውነተኛ ያልሆነ መስሎ መታየት ነው። ይህ የደረሰበት ሰው ዘወትር የሚሄድበት መንገድ፣ የገዛ ቤቱ፣ የእናቱ ፊት እንኳ ሳይቀር እያየው እንግዳ ይሆንበታል። አንዳንዱ በጉም ውስጥ ወይም ከመስተዋት በስተጀርባ የቆመ ይመስለዋል፤ ሌላው የሰው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ሆኖ ይሰማዋል። እንግዳ የሚሆንበት ዓለሙ ሳይሆን የገዛ አካሉና ሐሳቡ ሲሆን ዲፐርሶናላይዜሽን ይባላል፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ።

እዚህ ላይ በጥብቅ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ይህ ሰው ልቡናውን አልሳተም። «ሕልም መሰለኝ» ይላል እንጂ «ሕልም ነው» ብሎ አያምንም። ስለዚህ እብድ ብሎ መጥራት ሐሰትም ግፍም ነው።

2ኛ፤ ከምን ይመጣል?

የቦርደርላይን ዋና ዋና ምልክቶች፣ ስሜት በቶሎና በኃይል መለዋወጡ፣ የምወደው ሰው ይተወኛል የሚል ጽኑ ፍርሃት፣ የማይጸና ወዳጅነት፣ ሳያስቡ ድንገት ማድረግና ራስን መጉዳት ናቸው። በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መጽሐፍ ይህ ሕመም በስሙ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ነው። በ1994 ዓ.ም. በወጣው እትም ደግሞ፣ ጭንቀት ሲበረታ ለጊዜው የሚደርስ ጥርጣሬ ወይም ከራስና ከዓለም የመለየት ስሜት 9ኛ ምልክት ሆኖ ተጨመረ።

ጭንቀት ከመጠን ሲያልፍ፣ አእምሮ ስሜትን አደንዝዞ ራሱን ይከላከላል፤ የመብራት ኃይል ሲበዛ ፊውዙ ተቋርጦ ቤቱን ከእሳት እንደሚጠብቅ ማለት ነው። ጠብ፣ መለያየት፣ ውርደት፣ የእንቅልፍ እጦት ሊያስነሡት ይችላሉ። ከሕሙማኑም ብዙዎቹ በልጅነታቸው ግፍ ወይም ቸልታ የደረሰባቸው ናቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ይህ ስሜት በቦርደርላይን ላይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በሰዓቶች ውስጥ ያልፋል። ነገር ግን ሕሙሙ ደንግጦ «አሁንም እንግዳ ነውን?» እያለ ደጋግሞ ሲመረምረው ፍርሃቱ ይጨምራል፤ ፍርሃቱም ስሜቱን መልሶ ያበረታዋል።

3ኛ፤ ሕሙሙ ራሱ ምን ያድርግ?

እንግዲህ መፍትሔው ከስሜቱ ጋር መከራከር አይደለም፤ አምስቱን ሕዋሳት በአጠገብ ወዳለው ነገር መመለስ ነው።

ሀ. «ይህ ዲሪያላይዜሽን ነው፤ ከዚህ በፊት መጥቶ አልፏል» ብሎ ለራሱ ይንገር።
ለ. እግሮቹን በመሬት ላይ አጽንቶ ይቀመጥ፤ ትንፋሹን ካስገባበት ይልቅ በሚያስወጣበት ጊዜ ያርዝም። ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ስሜቱን ያባብሰዋልና።
ሐ. የሚያያቸውን 5 ነገሮች፣ የሚዳስሳቸውን 4፣ የሚሰማቸውን 3 ድምፆች፣ የሚያሸታቸውን 2፣ የሚቀምሰውን 1 ነገር በቃል ይጥራ።
መ. ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ ወይም ጤና አዳም፣ ሎሚ፣ የተቆላ ቡና ያሽትት።
ሠ. ዕለቱን፣ ቦታውንና ስሙን ጮክ ብሎ ይናገር፤ ከዚያም ቀላል ሥራ ይጀምር።

በደኅናው ጊዜ ደግሞ ምግቡንና እንቅልፉን በሰዓቱ ያድርግ። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፤ ሐሺሽም ይህንኑ ስሜት በጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ሊያመጣ ይችላል። ስሜቱ የመጣበትን ሰዓትና ከእርሱ በፊት የሆነውን ነገር በደብተር ቢጽፍ፣ ምክንያቱን ለማወቅና ለሐኪም ለማስረዳት ይረዳዋል።

4ኛ፤ መምህርና ቤተ ዘመድ ምን ያድርጉ?

መሳለቅ፣ መቆጣት፣ መወዝወዝ ወይም ሳያስፈቅዱ መያዝ አይገባም። መምህሩ ተማሪውን ለብቻው አድርጎ በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ እኔ መምህርህ ነኝ፤ ያለነው በትምህርት ቤታችን ነው፤ ይህ ስሜት ያልፋል፤ እስኪያልፍ ከአንተ አልለይም» ይበለው። የሕመሙን ስም ማውጣት ግን የሐኪም ሥራ ነው እንጂ የመምህር አይደለም።

አንዳንድ ሕሙማን ከድንዛዜው ለመውጣት ሲሉ ሰውነታቸውን ይጎዳሉ። ይህን ለማስፈራራት ያደርጉታል ማለት ስሕተት ነው። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ወይም ሞትን የሚመኝ ሰው ብቻውን አይተው፤ ስለታም ነገርና መርዝ ከአጠገቡ ይራቅ፤ «ራስህን ለመግደል ታስባለህን?» ብሎ በግልጥ መጠየቅም ሐሳቡን አያሳድርበትም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። ሳይውል ሳያድርም ወደ ሐኪም ይወሰድ።

5ኛ፤ ስለ ሕክምና

ስሜቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጣ፣ ራስን ከመሳት፣ ከመንፈራገጥ፣ ከትኩሳት ወይም ከራስ ጉዳት ጋር ከሆነ ምርመራ የግድ ነው፤ የሚጥል በሽታና ብርቱ የራስ ምታት ሕመምም እንዲህ ያለ ስሜት ያመጣሉና። መጀመሪያ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቻላል፤ በአዲስ አበባም የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ጸበልና ጸሎት የሚፈልግ ሰው ከሐኪም ምክርና መድኃኒት ጋር አብሮ ሊይዘው ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ቦርደርላይንን ለይቶ የሚያድን ክኒን የለም፤ ዋናው ሕክምና ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በንግግርና በልምምድ የሚፈጸም ነው። አሜሪካዊቱ የሥነ ልቡና ሊቅ ማርሻ ሊነሃን ያዘጋጁት ሕክምና ራስን መጉዳትን እንደሚቀንስ በ1991 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ታየ። እኒህ ሊቅ በወጣትነታቸው እርሳቸው ራሳቸው በብርቱ ታመው እንደ ነበር በ2011 ዓ.ም. በአደባባይ ተናግረዋል። በማሳቹሴትስ የማክሊን ሆስፒታል 290 ሕሙማንን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናትም፣ በ10 ዓመት ውስጥ አብዛኞቹ እንደ ተሻላቸው አሳይቷል።

ስለዚህ ሕሙሙ ተስፋ አይቍረጥ፤ በአጠገቡ ያለውም ሰው አይሽሽ። ዓለም እንግዳ በመሰለችበት ሰዓት፣ የታወቀ ድምፅና የታገሠ ጎረቤት ከመድኃኒት የማያንስ እርዳታ መሆኑን ሁላችንም እንወቅ።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች
1. «ሕልም መሰለኝ» እና «ሕልም ነው» በማለት መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
2. ስሜቱን ደጋግሞ መመርመር ስለ ምን ያባብሰዋል?
3. ራሱን የሚጎዳ ሰው ብታገኙ በቅድሚያ ምን ታደርጋላችሁ?