ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ ስኩተር፤ አያያዙና ጥገናው

በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ሳያይ ገንዘቡን አይቈጥርም፤ ጥርስ ዕድሜን ይናገራልና። አሮጌ ሞተር ስኩተር የሚገዛ ተማሪም እንደዚሁ አስቀድሞ የሚያየው በመሪው ላይ ያለውን የኪሎ ሜትር ቈጣሪ ነው። ቍጥሩ ትልቅ ከሆነ ይሸሻል፤ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ሌላውን ሳይመረምር ይገዛል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ስሕተት ነው። ቈጣሪው ስኩተሩ ስንት እንደ ሄደ ይነግረናል እንጂ እንዴት እንደ ተያዘ አይነግረንም። የስኩተር ዕድሜ የሚወሰነው ግን ከመጀመሪያው ይልቅ በሁለተኛው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንባቢውን መካኒክ ማድረግ አይደለም፤ እኛም የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። ዓላማችን አንድ ተማሪ ባነሰ ገንዘብ የገዛውን ስኩተር እንዴት ለብዙ ጊዜ እንደሚጠብቀው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሱንና ከኋላው የሚቀመጠውን ሰው እንዴት ከአደጋ እንደሚያድን በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የወሰድነው በእጅ ማርሽ የሚለወጥለትን፣ ባለሁለት ምት ሞተር የሆነውን ቬስፓ ነው።

ስኩተሩ ምን ዓይነት ነው?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አውሮፕላን ይሠራ የነበረው የኢጣልያ ኩባንያ ፒያጆ፣ ከጦርነቱ በኋላ ለሕዝቡ ርካሽ መጓጓዣ ለመሥራት አሰበ። ሥራውም ለአውሮፕላን መሐንዲሱ ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ተሰጠ። ቬስፓ በ1946 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወጣ፤ ስሙ በኢጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። በሚከተለው ዓመት ኢኖቼንቲ የተባለው ኩባንያ ላምብሬታን አወጣ። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያም ቬስፓን በፈቃድ ይሠራ ነበር፤ ፈቃዱ ሲያበቃ በ1972 ቼታክ የተባለውን በራሱ ስም አቀረበ። በአገራችን ሦስት እግር ያላት ታክሲ ባጃጅ የተባለችው በዚሁ ኩባንያ ስም ነው። የጋራዥ ቋንቋችንም ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ እያለ ኢጣልያንኛ የሚናገር ስለሆነ፣ የቬስፓ ባለቤት ከመካኒክ ጋር ለመግባባት አይቸገርም።

ዳስካኒዮ ያሰበው መኪና ለባለቤቱ የሚመች ነው። ሞተሩ ከኋላ ጎማ አጠገብ ስለ ተቀመጠ ሰንሰለት የለውም። የፊት ጎማው እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ወገን ብቻ ስለ ተያዘ በቶሎ ይፈታል። ነገር ግን አንድ ድካም አለበት፤ እንደ ሞተር ብስክሌት የተለየ የቱቦ አጥንት የለውም። ቆዳውም አጥንቱም ያው የታጠፈ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ዝገት የመልክ ነገር ብቻ ሳይሆን የአጥንት በሽታ ነው።

ቍጥሩ ምን ይናገራል?

ፒ ኤክስ 150ን እንውሰድ። በአራተኛ ማርሽ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ ወደ 4,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። 50,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ስኩተር እንግዲህ ሞተሩ 200 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ዞሯል ማለት ነው። ባለሁለት ምት ስለሆነም በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ይተኵሳል። ይህን ሁሉ ዙር ብረት በብረት ላይ ሳይበላላ የሚያዞረው በመካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ሽፋኑ ካልጠፋ ብዙ ኪሎ ሜትር አያስፈራም፤ ከጠፋ ግን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ቈጣሪው ራሱም ሁልጊዜ አይታመንም። ሽቦው ተበጥሶ ለወራት ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ስኩተር ወጥቶ የገባም ይሆናል፤ አምስት ቤት ብቻ ያለው ከሆነ ከ99,999 በኋላ እንደ ገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ገዢ አራት ነገር ይመርምር። አንደኛ፣ የእግር መቆሚያውን ምንጣፍ አንሥቶ ከላይም ከታችም ዝገት ይይ። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ራሱ ያስነሣ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ሦስተኛ፣ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥቶ መሪውን ያዙር፤ ቢነቃነቅ ወይም መካከል ላይ ቢይዝ ኩሽኔታው አልቋል። አራተኛ፣ ሁለቱን ፍሬኖች ለየብቻ ይሞክር።

ዘይትና ቤንዚን

ባለሁለት ምት ሞተር ፒስቶኑንና ቢዬላውን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለው ዘይት ነው። ለፒ ኤክስ ልኩ ከመቶ 2 ነው፤ ይኸውም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሲ.ሲ.፣ ለ5 ሊትር 100 ሲ.ሲ. ነው። ከቀድሞዎቹ ሞዴሎች ከመቶ 5 የሚፈልጉ አሉ፤ ዘይት ከተለየ ጋን በራሱ የሚቀዳም ዓይነት አለ። ባለቤቱ የራሱን ለይቶ ይወቅ። ዘይቱን በመስፈሪያ እንጂ በግምት አንጨምር። ሲያንስ ፒስቶኑ ይነክሳል፤ ሲበዛም ካንዴላው ይጠቍራል፣ ማርሚታው በጥላሸት ይደፈናል።

ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ 250 ሲ.ሲ. ብቻ ስለሆነ ዋጋው ትንሽ ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቢለወጥ ገንዘብ ማባከን አይባልም።

በዚህ ላይ ለደጋ ነዋሪዎች የሚሆን አንድ ቃል እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ጥላሸትም ይበዛል። መድኀኒቱ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ነው። ነገር ግን በዚያችው ቀዳዳ ወደ ቆላ የወረደ ሰው ቤንዚኑ ስለሚያንሰው ሞተሩን ያቃጥላል፤ የቀድሞዋን በኪሱ ይያዝ።

ቍልቍለትም የራሱ አደጋ አለው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ነጂው ነዳጅ መስጫውን ዘግቶ በማርሽ ብቻ ሲወርድ ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፤ ቤንዚን ስለማይገባ ግን ዘይትም አይገባም። ስለዚህ በየጊዜው ፍሪሲዮን ይዞ ነዳጁን ጥቂት መስጠት ያስፈልጋል።

የሞተሩ ሕመምና ምልክቱ

ሐኪም ምላስ እንደሚያይ የስኩተር ባለቤት ካንዴላ ያያል። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ እየሞቀ ነውና ሳይዘገዩ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። በጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት 0.6 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ብዙ በሄደ ሞተር ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያረጁት በክራንክ ዘንጉ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት የዘይት ማገጃ ጎማዎች ናቸው። ዋጋቸው ጥቂት ሆኖ ሳለ ጥፋታቸው ትልቅ ነው፤ ምልክታቸውም የተለያየ ነው። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ሲቀደድ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት ይጠጣል፤ ጭሱ ይበዛል፣ የካምቢዮው ዘይትም ይጐድላል። በማግኔቱ በኩል ያለው ሲቀደድ ግን ያልታሰበ አየር ይገባል፤ ጭስ አይታይም፤ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጡት ይጮኻል፣ ይሞቃልም። ሰው ጭሱን ፈርቶ ጩኸቱን ይንቃል። ከሁለቱ ቶሎ የሚገድለው ግን ሁለተኛው ነው።

የአሉሚኒየም ፒስቶን ከብረቱ ሲሊንደር ይልቅ በሙቀት ይሰፋልና፣ ሙቀቱ ሲበዛ ይነክሳል፤ የኋላ ጎማውም በድንገት ይቆማል። ስለዚህ ሞተሩ በመንገድ ላይ ያለ ምክንያት መድከም ሲጀምር ነጂው ወዲያው ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ወደ ዳር ይውጣ።

ሲሊንደሩ ቢበላላም የመጨረሻው አይደለም። የፒ ኤክስ 150 ሲሊንደር ስፋት 57.8 ሚሊ ሜትር ነው። በባለሙያ እየሰፋ 58.0፣ ከዚያ 58.2፣ ከዚያም 58.4 የሆነ ፒስቶን ከነፋሻው ሊገባበት ይችላል። ሻጭን «ስንተኛው ፒስቶን ነው?» ብሎ መጠየቅ «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» ከማለት ይበልጣል። ሦስተኛው ላይ የደረሰ ከሆነ የሚቀጥለው ወጪ አዲስ ሲሊንደር ነው።

ሽቦዎችና ማርሽ

ማርሹ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ፍሬኑና ነዳጅ መስጫው በሽቦ ነው የሚሠሩት። ሽቦ ደግሞ በአንድ ቀን አይበጠስም፤ ክሩ አንድ በአንድ ይቈረጣል። እጅ ሲከብድ ወይም ጫፉ ሲፈታ ካዩ ይለወጥ። የፍሪሲዮን ሽቦ መለዋወጫ ከስኩተሩ አይለይ። ማርሽ እየዘለለ ከወጣ አስቀድሞ ሁለቱ የማርሽ ሽቦዎች ይስተካከሉ። ያም ካልረዳ በካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹን የሚይዘው በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ብረት ተበልቷል ማለት ነውና ሞተሩ ይከፈታል።

ፍሬንና ጎማ

እስካሁን የተናገርነው ቢበላሽ ሰውን በእግሩ ያስኬደዋል፤ ከዚህ በኋላ የምንናገረው ግን ሰውን ይገድላል።

የከበሮ ፍሬን ሲያረጅ ቀስ በቀስ ስለሆነ ነጂው ይለምደዋል። በየሳምንቱ ትንሽ አርቆ መያዝ ይጀምራል፤ ይህንንም ጥንቃቄ ነው ብሎ ያስባል እንጂ ፍሬኑ እንዳለቀ አያስተውልም። ስለዚህ ነጂው በወር አንድ ጊዜ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ከአንድ ምልክት ጀምሮ ይዞ በስንት እርምጃ እንደ ቆመ ይለካ። የኋላው ፍሬን ደካማ ሆኖ ከበሮው ዘይት ከነካው ማጥበቅ አይጠቅምም፤ የዘይት ማገጃውና የፍሬን ሸራው መለወጥ አለባቸው።

የጎማው ነፋስ ለአንድ ሰው ከፊት 1.25 ባር፣ ከኋላ 1.75 ባር ነው፤ ሁለት ሰው ሲሆን የኋላው ወደ 2.5 ባር ይደርሳል። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ቢሆን ከዕድሜ ብዛት ከተሰነጣጠቀ አይታመንም። ጎማው ትንሽ ነውና ትንሽ ጕድጓድ ለእርሱ ትልቅ ነው።

በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። የፒ ኤክስ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ሆኖ በዳዶ የተጋጠመ ነው። ጎማውን ከከበሮው የሚፈቱት አምስት ዳዶዎች ሌሎች ናቸው፤ ሁለቱን ግማሾች የሚያጋጥሙት አምስቱም ሌሎች ናቸው። ነፋሱ ፈጽሞ ሳይወጣ እነዚህን ሁለተኛዎቹን የፈታ ሰው ቸርኬው በፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። ጎሚስታውም ቢሆን ይህን ዓይነት ቸርኬ ካላወቀው ሳናፍር እንንገረው።

ደብተሩ

ከመፍቻና ከካንዴላ ቍልፍ የሚበልጥ መሣሪያ አለ፤ እርሱም እያንዳንዱ ተማሪ ያለው ደብተርና እርሳስ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ቀኑ፣ ቈጣሪው ያሳየው ቍጥር፣ የተሠራው ሥራ፣ የተለወጠው ዕቃና የተከፈለው ዋጋ ይጻፍ። የተቀዳው ቤንዚንም ይጻፍ። ስኩተሩ በአንድ ሊትር የሚሄደው መንገድ ያለ ምክንያት ሲያጥር ሕመሙ በድምፅ ከመሰማቱ በፊት በቍጥር ይታያል።

ደብተሩ ለኪስም ይጠቅማል። የአሮጌ ስኩተር ወጪ ድንገተኛ የሚመስለው ባለቤቱ ስላልጻፈው ነው። ቤንዚን በተቀዳ ቍጥር ጥቂት ሳንቲም ለጥገና የሚያስቀምጥ ሰው፣ የፍሬን ሸራ በሚያልቅበት ወር የሚበደረው ገንዘብ አይፈልግም። ሊሸጥ ባሰበም ጊዜ፣ ደብተር ያለው 60,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ስኩተር ታሪኩ ካልታወቀ 20,000 ከሄደው ይልቅ የሚታመን ነው።

ገንዘብ ለሁሉ ካልበቃ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ይሁን። ቀለም፣ ወንበርና የኪሎ ሜትር ቈጣሪው ይቆዩ። ሞተሩም ደክሞ ዳገት ሲያቅተው ጥቂት ሊቆይ ይችላል። ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና መብራት ግን አንድ ቀን አይቆዩም። የእግር መቆሚያው ከሥሩ በዝገት ተበልቶ በጣት ሲጫኑት የሚሰበር ከሆነም፣ ሞተሩ የቱን ያህል ደኅና ቢሆን ያ ስኩተር ለመንገድ አይሆንም።

እንግዲህ ስኩተር ያለን ተማሪዎች የምንነዳው ራሳችንን ብቻ አለመሆኑን እናስብ። ከፈተና በኋላ «አድርሰኝ» ብሎ ከኋላችን የሚቀመጥ ጓደኛ ፍሬኑን አልመረመረም፤ የቸርኬውን ዳዶ አልቈጠረም፤ የሚያምነው እኛን ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን በቃል ከማወቅ አልፈን፣ በዚህ ሳምንት አንድ ደብተር ከፍተን የቈጣሪውን ቍጥር በመጀመሪያው መስመር እንጻፍ፤ በሁለተኛውም መስመር የፍሬኑን ምርመራ።