የአዳኝ ዓሣ ሥጋትና የጅረት ነፍሳት ባሕርይ

አዳኝ ዓሣ በጅረት ነፍሳት ላይ የሚያሳድረው ጫና አብዛኛውን ጊዜ የሚገመተው በሆዱ ውስጥ በተገኘው ብዛት ነው። ይህ ልኬት ያልተበሉትን ይዘነጋል። የተረፉት ነፍሳት የሚመገቡበትን ቦታና ሰዓት፣ አልፎም የዕድገታቸውን ሂደት ስለሚለውጡ፣ የዓሣው ጫና ከተበሉት ቁጥር በላይ ነው።

ጉዳዩን በግልጽ ካሳዩት አገሮች አንዷ ኒውዚላንድ ናት። የአውሮፓው ቡናማ ትራውት ወደዚያ የገባው በ1867 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቀድሞ በጅረቶቹ የነበሩት እንደ ጋላክሲያስ ያሉ አገር በቀል ዓሦች ነበሩ። ጋላክሲያስ በአብዛኛው በሌሊት፣ የውኃውን ንዝረት እየተከታተለ ያድናል። ትራውት ግን በዓይኑ ይተማመናል፤ ከውኃው ጋር የሚንሳፈፈውን ነፍሳትም በቀን ብርሃን ይለቅማል። ስለዚህ ትራውት ባለበት ጅረት፣ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በውኃ ውስጥ የሚያሳልፉት የሜይፍላይ ዕጮች ቀኑን ከድንጋይ ሥር ተሸሽገው ይውላሉ፤ ወደ ድንጋዩ ገጽ ወጥተው አልጌ የሚግጡት በዋናነት ሲጨልም ነው። አንጉስ ማኪንቶሽና ኮሊን ታውንሴንድ በ1990ዎቹ ሁለቱን ዓሦች በጅረት ውስጥ ባዘጋጇቸው ቦዮች ሲያነጻጽሩ፣ ትራውት ባለበት ቦይ አልጌው በዝቶ ተገኘ። ለዚህም የሰጡት ምክንያት የነፍሳቱን መበላት ሳይሆን የግጦሽ ባሕርያቸውን መለወጥ ነው።

በአሜሪካ ኮሎራዶ ተራሮች ባርባራ ፔካርስኪና ባልደረቦቿ ያደረጉት ሙከራ፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህም ይልቃል። ዓሣ ወደሌለባቸው ጅረቶች ያስገቡት ትራውቱን ሳይሆን ትራውት የተቀመጠበትን ውኃ ነበር። ሽታው ብቻውን ቤቲስ የተባሉት ሜይፍላዮች አካላቸው አንሶ ወደ ጉልምስና እንዲደርሱ አደረገ። ጎልማሳ ሜይፍላይ አይመገብም፤ የሴቲቱ እንቁላል ብዛት የሚወሰነው በዕጭነቷ ባከማቸችው ስንቅ ነው፤ ስለሆነም ትንሿ እናት ጥቂት ትጥላለች። (ልውውጡ ከንቱ ኪሳራ አይደለም፤ ከውኃው ቶሎ የወጣች ከዓሣውም ቶሎ ትገላገላለች።)

በአገራችንም ከኬንያ የመጣ ትራውት በባሌ ተራሮች ወንዞች፣ ለምሳሌ በወይብ፣ ይኖራል። በእነዚህ ወንዞች ለሚሠራ ተመራማሪ የመጀመሪያው ጥያቄ የናሙና ሰዓት ነው። በቀን ብቻ ከድንጋይ ገጽ የተለቀመ ናሙና የተደበቀውን እንደ ጠፋ ሊያስቆጥር ይችላል። በባሌ ብርድ የሌሊት መረብ መዘርጋት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ትራውት ያለበትንና የሌለበትን ጅረት በቀንም በሌሊትም፣ ከድንጋዩ ገጽም ከሥሩም ናሙና ወስዶ ማነጻጸር፣ መበላትን ከመሸሸግ ለመለየት የሚያስችል መነሻ ነው።