የወፍጮው ሞተር አቅም ሲያንሰው፦ ቱርቦ መግጠም ወይስ ሞተር መለወጥ?

ቁንዝላ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ ይመረታል። ይህን እህል ዱቄት የሚያደርገው ወፍጮ ነው። ወፍጮው ሲቆም እናቶች እህሉን ተሸክመው ወደ ሩቅ መንደር ይሄዳሉ፤ ወይም እንደ ድሮው በእጅ ወደ መፍጨት ይመለሳሉ። ስለዚህ ያረጀ የወፍጮ ሞተር ነገር የባለ ወፍጮው ብቻ ጉዳይ አይደለም።

እንበል፣ ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው የገዙት አንድ የናፍጣ ወፍጮ አለ። ሞተሩ አርጅቷል፤ ሰልፉም ረዝሟል። አንዱ መካኒክ «ቱርቦ ግጠሙለት» ይላል። ሌላው «ይህን አውርዱና ሌላ ሞተር ግዙ» ይላል። በከተማ አሮጌ የውድድር መኪና ያላቸው ሰዎችም በዚሁ ጥያቄ ሲከራከሩ ይውላሉ። ለእነሱ ነገሩ የፍጥነት ደስታ ነው። ለገበሬው ግን ተሳስቶ የወጣ ገንዘብ የዓመት ልፋት ነው።

ለመሆኑ ቱርቦ ምንድን ነው? የብረት ቀጥቃጭን ወናፍ እናስብ። ከሰሉ ያው ከሰል ነው፤ ወናፉ አየር ሲነፋበት ግን እሳቱ ይበረታል። ሞተርም እንዲሁ ነው። የሚበላው ናፍጣ ብቻ አይደለም፤ አየርም ይበላል። ቱርቦ የሞተሩ ወናፍ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ላይ ያለችው ሌላ መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር ስባ፣ አምቃ ወደ ሞተሩ ታስገባለች። መዘውሮቹ በደቂቃ 100,000 ዙርና ከዚያም በላይ ሊሽከረከሩ ይችላሉ። ይህን ዘዴ አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል።

የእኛ አገር ከፍታም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል። በባሕር ዳርቻ፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ 20 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ እዚህ ሲመጣ ወደ 16 ወይም 17 ይወርዳል። ሞተሩ ስላልተበላሸ ይህን መካኒክ ሊጠግነው አይችልም። ታዲያ ቱርቦ ግጠሙ ያለው ሰው ነገሩ ከባዶ አልተነሣም። ቱርቦ የጎደለውን አየር ይመልሳል።

ይሁንና አሮጌ የወፍጮ ሞተር ለዚህ አልተሠራም። ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ፒስተን ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር ነው። ጭሱ ዱብ ዱብ እያለ በየተራ ይወጣል እንጂ ሳይቋረጥ አይፈስም፤ የቱርቦዋ መዘውር ደግሞ የማያቋርጥ ግፊት ትፈልጋለች። አየር ጨምሮ ናፍጣ አለመጨመርም ጉልበት አይሰጥም፤ ስለዚህ የናፍጣው ፖምፓ መስተካከል አለበት። ናፍጣ ሲጨመር ሙቀት ይጨምራል። ያን ጊዜ ፒስተኑ፣ ቴስታታው፣ የዘይቱና የማቀዝቀዣው መንገድ ሁሉ ካሰቡት በላይ ሸክም ይወድቅባቸዋል። ያረጀ በሬ በጅራፍ ብዛት ጎበዝ አይሆንም። እኛ እንደሚመስለን፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ቱርቦ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

እንግዲያው ወዲያው ሌላ ሞተር እንግዛ? እሱም ገና ነው። በመጀመሪያ ሞተሩ ደክሞ ነው ወይስ ሥራው በዝቶበት ነው ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚጠቅመው ደብተርና እርሳስ ነው። በየቀኑ ስንት ኩንታል እንደተፈጨና ስንት ሊትር ናፍጣ እንደጠፋ ይጻፍ። ዓምና ለ10 ኩንታል ጤፍ 12 ሊትር ይበቃው የነበረ ሞተር ዘንድሮ 16 ሊትር ከፈለገ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ጭሱም ይናገራል። ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል ወይም ናፍጣ በዝቶበታል፤ የአየር ማጣሪያው በዱቄት ብናኝ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ፋሻው ሳያልቅ አይቀርም። ቺንጋው ላልቶ ይንሸራተት እንደሆነም ይታይ። የወፍጮው ድንጋይ ሳይወቀር ከርሞ ሞተሩ በከንቱ የሚታማበትም ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ በጥቂት ወጪ ይስተካከላል።

ሞተሩ ደህና ሆኖ ሥራው ከበዛበት፣ ወይም መለዋወጫው ጨርሶ ከጠፋ፣ ያን ጊዜ መለወጥ ይሻላል። ግን ዋጋው የሞተሩ ብቻ አይደለም። መሠረቱ፣ ብሎኑ፣ ቺንጋው፣ የመካኒኩ ድካም ሁሉ ይደመር። ከሁሉም የሚያሠጋው ፑሌጃው ነው፤ ይኸውም ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት ነው። አሮጌው ሞተር በደቂቃ 650 ዙር፣ አዲሱ 1,500 ዙር የሚዞር ቢሆንና የአሮጌው ፑሌጃ እንዳለ ቢገጠም፣ ድንጋዩ ከእጥፍ በላይ ይፈጥናል። እንዲህ የፈጠነ ድንጋይ ሊፈነዳ ይችላል፤ በአጠገቡ የቆመ ሰውም ይሞታል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አሮጌው ፑሌጃ ጎኑ 45 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 45 በ650 ይባዛል፤ ከዚያ ለ1,500 ይካፈላል። 19 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይመጣል። ለአዲሱ ሞተር የሚሆነው ይህ ነው። ሻጩንም «ይህ የፈረስ ጉልበት የተለካው በምን ያህል ከፍታ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

በኤሌክትሪክ መለወጥም አለ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውኃውን የሚወስደው ከዚሁ ከጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከቁንዝላ አቅራቢያ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ናፍጣ አያቃጥልም፤ ስለዚህ የአየሩ መሳሳት እንደ ናፍጣው ሞተር ጉልበቱን አይቀማውም። ፋሻ የለው፣ ፖምፓ የለው፤ ጥገናው ጥቂት ነው። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር በደረሰበት መንደር እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው። መስመሩ ያልደረሰበት መንደር ግን በናፍጣው ይቆያል።

መብራት ይቋረጣልና አሮጌው ሞተር በርካሽ ለብረት ሰብሳቢ አይሸጥ። ከዝናብና ከአቧራ ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ በሳምንት አንድ ቀንም ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ።