ባሕርም የራሱ ሰዓት አለው
ወደ ሞምባሳ ለሚሄዱም ለማይሄዱም ቤተሰቦች የተዘጋጀ ትምህርት



ናይሮቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ «ዘንድሮ እንኳ ዕረፍት እንውጣ» ሲል በመጀመሪያ የሚነሳው ስም ሞምባሳ ነው። ከዚያ ዲያኒ፣ ማሊንዲ፣ ዋታሙ ይከተላሉ። ልጆች ስለ አሸዋውና ስለ ዋናው ያስባሉ፤ እናትና አባት ስለ ወጪው። ስለ ባሕሩ ራሱ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኛም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚህ ነው። ባሕር ዳር ሄዶ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ አውቆ ሄዶ፣ ተምሮና በሰላም መመለስ ደግሞ ሌላ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. እኛና ባሕር

አማርኛችን ባሕርን በሰፊው ይጠራዋል። የጣና ሐይቅ ዳርቻ ከተማ ስሟ «ባሕር ዳር» ነው፤ ከአገር ርቆ የሚገኝ ሁሉ «ባሕር ማዶ» ነው። የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን በጨረቃና በፀሐይ ዑደት የምናወጣበት ስሌት እንኳ «ባሕረ ሐሳብ» ይባላል። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን። የእኛ ትውልድ ዕረፍት ሲባል የሚያውቀው የሶደሬን ፍል ውሃ፣ የላንጋኖን ዳርቻ፣ የሐዋሳንና የቢሾፍቱን ሐይቆች ነው። ምፅዋን በዓይኑ ያየ የቀድሞ ሰው ነው። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም።

ሐይቅ ጠዋት የተውነው ቦታ ላይ ማታም ይጠብቀናል። ባሕር ግን እንዲህ አይደለም። በሐይቅ ልማድ ወደ ባሕር የሚገባ ሰው ዋናው ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል።

2. የቲኬቱ ሰዓት

ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ ያለው የቀድሞው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1896 ከሞምባሳ ተጀምሮ በ1899 ናይሮቢ ደረሰ። ናይሮቢ ከተማ የሆነችውም በዚያው ሐዲድ ምክንያት ነው። አሁን የምንሳፈርበት ማዳራካ ኤክስፕረስ የተመረቀው በሜይ 31 ቀን 2017 ነው። ከሲዮኪማው ጣቢያ ተነሥቶ ወደ 470 ኪሎ ሜትር ገደማ በአምስትና በስድስት ሰዓት ውስጥ ይጓዛል። ከ1,600 ሜትር ከፍታ በላይ ከሆነ ደጋ ተነሥቶ ባሕር ወለል ድረስ ይወርዳል። በጻቮ ሲያልፍ በመስኮት በኩል ዝሆኖች ሊታዩ ይችላሉ፤ ቀይ የሚመስሉት የአካባቢውን ቀይ አፈር ስለሚለብሱ ነው። እንስሳቱ ከሐዲዱ ሥር የሚሻገሩባቸው መተላለፊያዎችም ተሠርተውላቸዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ተመልከቱ። አንደኛ፣ ቲኬት ሲቆረጥ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይጠየቃል። ስለዚህ የቤተሰቡ ወረቀት የተሟላና ያልተቃጠለ መሆኑን ከጉዞው ሳምንታት በፊት አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ቲኬቱ ላይ 8፡00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። «ስምንት ሰዓት» ብሎ ከምሳ በኋላ ጣቢያ የሚደርስ ቤተሰብ ባቡሩን አያገኘውም።

ደግነቱ የባሕር ዳሩ ሕዝብ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው። በስዋሂሊ «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ማለት ቃል በቃል «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነውና። ቃላቱም ዘመዳሞች ናቸው። ባሕር ባሃሪ፣ ምሥራቅ ማሻሪኪ፣ መልአክ ማላይካ፣ ነፍስ ናፍሲ፣ ስኳር ሱካሪ፣ ሳሙና ሳቡኒ ይባላሉ። ስዋሂሊ ብዙ ቃላትን ከዐረብኛ ወስዷል፤ አማርኛና ዐረብኛ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸው። ስለዚህ አማርኛ የሚያውቅ ልጅ ሞምባሳ ላይ ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይሆንም።

3. የባሕሩ ሰዓት

ባሕር በቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ገደማ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ገደማም ይጎድላል። ዋናው ምክንያት የጨረቃ ስበት ነው፤ ፀሐይም ታግዛለች። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ ሙላት ወደ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሙላቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል።

ምሳሌ እንውሰድ። ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ባሕሩ ሞልቷል እንበል። ከቀኑ 10 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ25 ገደማ እንደገና ይሞላል። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ሙላቱ 4 ሰዓት ከ50 ገደማ ይሆናል። ጨረቃ አዲስ በሆነችበትና ሙሉ በሆነችበት ሰሞን ልዩነቱ ይበረታል፤ ሞምባሳ ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። ይህም ከመማሪያ ክፍል ወለል እስከ ጣሪያ እንደ ማለት ነው። የሂጅራ ወር የሚቆጥሩ ልጆቻችን ይህን በቀላሉ ያስታውሱታል፤ በወሩ መጀመሪያና በወሩ አጋማሽ ባሕሩ አብዝቶ ይሞላል፣ አብዝቶም ይሸሻል።

ባሕሩ ሲሸሽ ልጆች በእግራቸው ርቀው ይሄዳሉ። ከፊታቸው ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በብዙ ዘመን የገነቡት የድንጋይ አጥር አለ። ትልቁን ማዕበል የሚሰብረው እሱ ነው። ባሕሩ ሲመለስ ግን በጎድጓዳው በኩል ከኋላ ዞሮ ይመጣል። በጉልበት ልክ የተሻገሩት ውሃ ሲመለሱ ደረት ላይ ሊደርስ ይችላል። ውሃው ወደ ውጭ ሲሄድም በአጥሩ ክፍተቶች በኩል በኃይል ይወጣል። አባቶቻችን «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» ሲሉ ስለ ወንዝ ተናግረው ይሆናል፤ ለባሕርም ግን በትክክል ይሠራል።

ስለዚህ እነዚህን ደንቦች በቃላችሁ ያዙ፦

ሀ. ወደ ውሃ ከመግባታችሁ በፊት የሆቴሉን ሠራተኛ ወይም ዓሣ አጥማጅ «ባሕሩ እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለ. ትንሽ ልጅ ከወላጁ እጅ ርቀት አይወጣም። «ታላቅ ወንድሙ አለ» ማለት ጥበቃ አይደለም።

ሐ. ውሃው ከወሰዳችሁ በቀጥታ ወደ ዳር ለመድረስ አትታገሉ፤ ጉልበት ይጨርሳል። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንሡ፣ ጥሩ። መዋኘት የምትችሉ ከሆነ ከዳርቻው ትይዩ ወደ ጎን ዋኙ።

መ. ዋና የማይችል ሰው ሌላውን ለማዳን ዘሎ አይግባ። ባዶ ጀሪካን፣ ኳስ፣ የሚንሳፈፍ ማንኛውንም ነገር ይወርውር፤ ሰው ይጥራ።

ሠ. ሞምባሳ ከምድር ወገብ 4 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለውን ፀሐይ በጥላ አሳልፉ። ድንጋይ ላይ ያለው የባሕር ጃርት እሾህ ስለሚወጋ ጫማ አድርጉ። ሌሊት ደግሞ አጎበር አይረሳ፤ ወባ ከናይሮቢ ይልቅ ባሕር ዳር ያሰጋል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ዋና መማር ነው። ሦስት ቀን ሆቴል ለማደር የሚከፈለው ገንዘብ ለአንድ ልጅ ብዙ የዋና ትምህርት ይከፍላል። ልጁን ወደ ባሕር ከመውሰድ በፊት ናይሮቢ ውስጥ በገንዳ ዋና ማስተማር ይሻላል።

4. የከተማዋ ሰዓት

የመዝናኛ ከተማ ሁሉ ከሆቴሎቹ በፊት የሰው ከተማ ነበር። በስፔን የምትገኘውን ቤኒዶርምን እንመልከት። የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1956 ከንቲባዋ ፔድሮ ሳራጎሳ የከተማ ፕላን አስወጡላት፤ ከዚያ ወዲህ ፎቆቿ ወደ ሰማይ ወጡ፣ ጎብኚዎቿም ከነዋሪዎቿ በዙ። ሆኖም በ1978 በድርቅ ምክንያት የመጠጥ ውሃ በመርከብ ተጭኖ ሊቀርብላት ግድ ሆነ። ባሕር ፊት ለፊት ተቀምጦ ውሃ መጠማት እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ሞምባሳም ግን ከዚህ አትርቅም። የምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚመጣው ወደ 220 ኪሎ ሜትር ርቆ በጻቮ ዌስት ከሚገኘው ከምዚማ ምንጭ በቧንቧ ነው። እንግዳ ሆነን ቧንቧ ከፍተን ስንተው የምናፈሰው የባለቤቶቹን ውሃ ነው።

ሞምባሳ የነጋዴ ከተማ ናት። ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1331 ጎብኝቷታል። ከዲሴምበር እስከ ማርች የሚነፍሰው ካስካዚ የተባለው ነፋስ የዐረብና የህንድ መርከቦችን ያመጣ ነበር፤ ቀጥሎ የሚመጣው ኩሲ ይመልሳቸው ነበር። ፎርት ጂሰስ የተባለውን ምሽግ ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 ሠሩት፤ በ1698 ደግሞ ኦማኖች ከረጅም ከበባ በኋላ ያዙት። ከ2011 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪዎቻችን ልብ ይበሉ። ማሊንዲ ላይ እ.ኤ.አ. በ1498 ተቀባይነት አግኝቶ ወደ ህንድ የሚመራው ሰው ያገኘው ቫስኮ ዳ ጋማ ነው። ልጁ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ በ1541 ከ400 ያህል ወታደሮች ጋር በምፅዋ በኩል ኢትዮጵያ ገብቶ ከኢማም አሕመድ ሠራዊት ጋር ተዋግቶ በ1542 ተማርኮ ተገደለ። ኢማሙም በበኩላቸው ከኦቶማኖች እርዳታ ያገኙ ነበር። በመጽሐፋችን የምናነበው ጦርነትና በሞምባሳ የምናየው ምሽግ በአንድ የባሕር መንገድ የተያያዙ ናቸው።

የከተማዋን ሰዓት የሚቆጥረው አዛን ነው። ከመዋኛ ልብስ ጋር ወደ አሮጌው ከተማ መግባት ነውር ነው፤ ሴት ልጆች ነጠላ ወይም ካንጋ ጣል ቢያደርጉ፣ ወንዶችም ሸሚዝ ቢለብሱ ይከበራሉ። ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት አይገባም።

የዲሴምበር ዕረፍት በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል «ምን እንበላለን?» የሚሉ ወላጆች አሉ። የባሕር ዳር ሰው ቁርስ ምባዚ በማሃምሪ ነው፤ ምባዚ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ጥራጥሬ ነው። ባቄላውንም፣ ሩዙንም በኮኮናት ይሠሩታል። ማሃምሪው ውስጥ ወተት ወይም እንቁላል መኖሩን ብቻ ጠይቁ።

በማሊንዲና በዋታሙ ያለው ባሕር ከ1968 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ዛጎልና ኮራል ከዚያ ይዞ መውጣት አይፈቀድም። ኮከብ ዓሣንም ለፎቶ ከውሃ ማውጣት ሊገድለው ይችላል።

5. ላልሄዱት

በፓርክላንድስ ሰፈራችን ያሉ ቤተሰቦች ኑሯቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ለጉዞ ገንዘብ የማይተርፈው አለ፤ ወረቀቱ ስላላለቀለት ከናይሮቢ መውጣት የሚፈራ አለ። ልጆቻቸው ግን ከእናንተ ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ስለዚህ ትምህርት ሲከፈት እኛ የምንጠይቀው «ዕረፍታችሁን የት አሳለፋችሁ?» ሳይሆን «በዕረፍቱ ምን አዲስ ነገር አወቃችሁ?» ነው። በሲቲ ፓርክ ዛፎች ሥር ጦጣዎችን ሲከታተል የከረመ ልጅ ዲያኒ ሄዶ ሆቴል ውስጥ ቴሌቪዥን ሲያይ ከሰነበተ ልጅ የበለጠ ሊጽፍ ይችላል።

የሄዳችሁም የስልክ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። የሙላቱን ሰዓት መዝግባችሁ፣ አምስት የስዋሂሊ ቃል ተምራችሁ፣ የአንድ ዓሣ አጥማጅን የቀን ውሎ ጠይቃችሁ ኑና ለጓደኞቻችሁ አካፍሉ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ባሕሩ ቢሞላ፣ እሑድ ጠዋት በስንት ሰዓት ገደማ ይሞላል? ልጆች በጉድለቱ ወቅት ዳር ዳሩን መጫወት የሚችሉት መቼ ነው?
2. ቲኬት ላይ 15፡00 የሚለው በእኛ ሰዓት ስንት ነው? በስዋሂሊስ?
3. ሐይቅና ባሕር በምን ይለያያሉ? ሦስት ነጥብ ጻፉ።
4. ከቤተሰባችሁ አንድ ትልቅ ሰው በልጅነቱ ዕረፍቱን የት እንዳሳለፈ ጠይቁና በአንድ ገጽ ጻፉ። ይህ ለሄዱም ላልሄዱም ተማሪዎች ነው።

መልካም ዕረፍት ይሁንላችሁ። ሁላችሁንም በጤና ተመልሳችሁ ክፍላችሁ ውስጥ ለማየት እንጠብቃለን።