ሞተር ከማውረዳችን በፊት

በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ የያዘ ሰው መኪናው ሲያጨስና ጉልበት ሲያጣ «ሞተሩን ራሴ ላድሰው ይሆን?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ጥያቄው ከብዷል። ለመመለስ አስቀድመን ሁለት ቃላትን እንለይ።

«ማውረድ» ስንል ሞተሩን ከመኪናው አውጥቶ መፍታት ማለታችን ነው። «ማደስ» የምንለው ደግሞ ያለቁትን ክፍሎች ለክቶ፣ አርሞ ወይም ተክቶ ወደ ልካቸው መመለስን ነው። ማውረድን ትዕግሥትና ቁልፍ ያለው ሰው ሊማረው ይችላል። ማደስ ግን ልኬት ይጠይቃል፤ የዲኤክሱ 4ኬ ሞተር የሲሊንደር ስፋት 75 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ልዩነቱ የሚቆጠረው በሚሊሜትር መቶኛ ነው። ስለዚህ ሲሊንደር ማስፋትና ኮሎ (ክራንክሻፍት) ማስተካከል ምንጊዜም የማሽን ቤት ድርሻ ነው። «ራሴ ላድስ» የሚል ሰው በእጁ የሚቀሩት መፍታት፣ መለካትና መልሶ መግጠም ናቸው።

ይህን ከያዝን ወደ ምርመራው፣ ማለትም ወደ ኮምፕሬሽን ልኬት እንለፍ። «ኮምፕሬሽን» ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን አምቆ የሚፈጥረው ግፊት ነው። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፣ ጌጅ ይገጠማል፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን ሲያነብ ነው። የጥገና መጽሐፉ ቁጥር በባሕር ወለል ከፍታ ላለ አየር የተጻፈ ነው፤ ወልቂጤ ወደ 1900፣ ቡታጅራ ወደ 2100 ሜትር ከፍታ ላይ ስላሉ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። መጽሐፉ 12 ባር የሚለው ጤነኛ ሞተር በእነዚህ ከተሞች 10 እንኳ ላይሞላ ይችላል። በዚህ ብቻ ደህና ሞተር መውረዱ ያሳዝናል። እንግዲህ የመጽሐፉን ቁጥር በአንድ አምስተኛ ቀንሰን፣ ከዚያም አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ እናነጻጽር። ጥቁር ጢስም ቢሆን በስሱ አየር ቤንዚን የበዛበት የካርቡራተር ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ዘይት ማቃጠልን የሚጠቁመው ሰማያዊው ነው።

አንዱ ሲሊንደር ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምረን እንደገና እንለካ። ቁጥሩ ከፍ ካለ፣ ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ስለደፈነ ነው፤ ያለቀው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም ሲሊንደር ነው ማለት ነው። ካልተለወጠ ግን ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) ጓርኒሲዮን እንጠረጥራለን።

ውሳኔው እዚህ ላይ ይከፈላል። የኋለኛው ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሳይወርድ ቴስታታውን በማንሳት ይሠራልና ለጀማሪ የተሻለ ነው፤ ቴስታታው ከተጣመመ ወይም ቫልቩ ከተበላ ማሽን ቤት ደርሶ ይመለሳል። የፊተኛው ሲሆን ፋሻ ብቻ መቀየር ያጓጓል። ሲሊንደሩ ሞላላ ሆኖ ካለቀ ግን አዲሱ ፋሻ በደንብ አይቀመጥም፣ ጢሱም ይመለሳል። ስለዚህ ፋሻ ከመግዛት በፊት ሲሊንደሩን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ማስለካት ያስፈልጋል። ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መተካትም አለ፤ የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ ግን ገንዘቡን ከመክፈል በፊት የሻጩን ሰነድ ማየትና ለውጡን ማስመዝገብ ይገባል።