የተበላሸ ድርብርብ ሥዕል እንዴት ይመለሳል? (የፎገራ ሜዳን ካርታ ምሳሌ በማድረግ የቀረበ ትምህርት)



እንደሚታወቀው መምህር ያለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ማለት ገበሬ ያለ ሞፈር እንደ ማለት ነው። ድሮ መርጃ መሣሪያውን የምናዘጋጀው በካርቶንና በማርከር ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙዎቻችን በኮምፒዩተር እንሠራለን። ካርቶን ቢቀደድ ይለጠፋል። ፋይል «አልከፈትም» ሲል ግን ምን ይደረጋል? አብዛኞቻችን «በቃ ጠፋ» ብለን እንተወዋለን። እኔም እንደዚያው ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ የማይከፈት ፋይል ሁሉ የሞተ ፋይል አለመሆኑን ማሳየት ነው። ይኸውም ብቻ አይደለም፤ ከጥፋት የተረፈውን፣ እንደገና የተሣለውንና ጨርሶ የጠፋውን ለይቶ ማስቀመጥ የመምህር ግዴታ መሆኑንም ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ላስረዳ እወዳለሁ።

ሀ/ ነገሩ እንዴት ሆነ?

በወረታ አካባቢ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤት ለማስተማር ልምምድ ተመድቤ ነበር። የደረሰኝ ርእስ «አካባቢያችንና ጎርፍ» የሚል ነው። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ለጥ ያለ አገር ነው። ከጉና ተራራ አካባቢ የሚነሡት ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ርብ ከወረታ በስተ ሰሜን፣ ጉማራ በስተ ደቡብ ይገኛሉ። ክረምቱ ሲበረታ ወንዞቹ ሞልተው ይወጣሉ፤ በ1998 ዓ.ም ክረምት የደረሰው ጎርፍ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ክፉኛ አጥለቅልቆ ነበር። በአንጻሩ ደግሞ ሜዳውን ለሩዝ የተመቸ ያደረገው ይኸው ውሃና ይዞት የሚመጣው ደለል ነው። ሩዙ ከተነሣ በኋላም በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራበታል።

ይህን ሁሉ ለማሳየት ካርታውን በድርብ በድርብ ሠራሁት። አንደኛው ድርብ መንገዶችን ያሳያል፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈውንና ከወረታ ተገንጥሎ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን። ሁለተኛው ሐይቁንና ወንዞቹን፣ ሦስተኛው የሩዙን ማሳ፣ አራተኛው ጎርፉ የደረሰበትን ወሰን ያሳያሉ። ጎርፉ ሌሎቹን እንዳይሸፍናቸው ብዬ ከሁሉ ሥር አደረግሁት።

አራተኛው ድርብ ከመጽሐፍ የተቀዳ አልነበረም። ሁለት ቅዳሜ በእግሬ እየዞርኩ «አባቴ፣ ያኔ ውሃው እስከ የት ደረሰ?» እያልኩ ከአረጋውያን የሰበሰብኩት ነው። አንድ አባት የጎተራቸውን መቆሚያ በበትራቸው እየነኩ «እስከዚህ ነው ልጄ፤ እኛስ ልጆቹን ይዘን ወጣን፤ እህሉ ነው የቀረው» አሉኝ። እኔም ያንን በሰማያዊ ቀለም አሠፈርኩት።

ሥራውን በጋራ ኮምፒዩተር ላይ ጨረስኩና ወደ ፍላሽ ገለበጥኩት። የሰው ቦታ አልያዝም ብዬ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ሰረዝኩ። ከዚያም ቸኩዬ ፍላሹን መንጭቄ አወጣሁት። አይ ችኮላ! ማታ በጓደኛዬ ላፕቶፕ ልከፍተው ብል እምቢ አለ። ትምህርቱ ሊሰጥ የቀረው አራት ቀን ብቻ ነው።

ጥፋቱ የሌላ የማንም አይደለም፤ የራሴ ነው። ኮምፒዩተር ወደ ፍላሽ ሲገለብጥ በስክሪኑ ላይ የጨረሰ መስሎ እያለ፣ ቀሪውን ገና በራሱ ማስታወሻ ይዞ ሊቆይ ይችላል። «ፍላሹን በደህና አውጣ» የሚለው ትእዛዝ የተሠራው ያን ቀሪ ጽፎ እንዲጨርስ ነው። እኔ ግን የፋይሉን ጭራ ሳይጻፍ ቆረጥኩት።

ለ/ ድርብርብ ሥዕል ሲባል ምን ማለት ነው?

ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ ወንዙን ብቻ ሣሉ እንበል። በሌላ ወረቀት መንገዱን፣ በሌላ ደግሞ ማሳውን ሣሉና ወረቀቶቹን ደራርባችሁ ወደ መስኮት ብታዩአቸው አንድ ካርታ ሆነው ይታያሉ። አንዱን ብታነሡት ሌሎቹ አይነኩም። ሌየር የሚባለው ነገር ይኸው ነው። ተራው የፎቶግራፍ ፋይል፣ ጄፔግ፣ ድርብ የለውም፤ ሁሉም ባንድ ወረቀት ላይ የተሣለ ነው። ፎቶሾፕ፣ ጊምፕና ክሪታ የተባሉት ፕሮግራሞች ግን ድርቦቹን ለየብቻ ይዘው የሚያስቀምጡባቸው የፋይል ዓይነቶች አሏቸው።

የእኔ ካርታ የተቀመጠው በጊምፕ ሲሆን የፋይሉ ዓይነት ኦፕን ራስተር ይባላል። ኦፕን ራስተር ሲመረመር በውስጡ ብዙ ፋይሎች የታሰሩበት ዚፕ ነው። እያንዳንዱ ድርብ ፒ.ኤን.ጂ. የተባለ ተራ ሥዕል ሆኖ ይቀመጣል። ሁሉም ባንድ ላይ የተዋሃዱበት ሥዕልና አንድ ትንሽ ናሙናም አሉ። የድርቦቹን ስም፣ ተራና ቦታ የሚናገር ዝርዝርም አብሮ አለ።

የዚፕን ጠባይ ማወቅ ደግሞ ዋናው ቁልፍ ነው። ዚፕ ማውጫው በመጨረሻው ገጽ ላይ የተጻፈ መጽሐፍ ይመስላል። ፕሮግራሙ ዘሎ የሚሄደው ወደ መጨረሻው ገጽ ነው። ማውጫውን ካጣ «ይህ መጽሐፍ አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። ምዕራፎቹ ግን አሉ! ያውም በእያንዳንዱ ምዕራፍ ራስጌ ላይ ስሙ እንደገና ተጽፏል። ስለዚህ ማውጫ ባይኖርም ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ አንድ በአንድ እያነበበ የሚሄድ ፕሮግራም ካለ ምዕራፎቹን ማውጣት ይቻላል።

ሐ/ የአሠራሩ ቅደም ተከተል

1ኛ/ ዋናውን አትንኩት። መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡና ሙከራውን ሁሉ በግልባጩ ላይ አድርጉ። በዚያው ፍላሽ ላይ ምንም አዲስ ነገር አትጻፉ። የተሰረዘ ፋይል ሌላ እስካልተጻፈበት ድረስ በማገገሚያ ፕሮግራም ሊመለስ ይችላልና። እኔ ወደ ጋራው ኮምፒዩተር ስመለስ ግን ሌሎች ተማሪዎች ቀኑን ሙሉ ሲጽፉበት ስለ ዋሉ በዚያ በኩል የተገኘ ነገር የለም።

2ኛ/ የፋይሉን መጠን እዩ። 0 ባይት ከሆነ በውስጡ የሚመለስ ነገር የለም፤ ሌላ ግልባጭ መፈለግ ነው። መጠን ካለው ተስፋ አለ።

3ኛ/ የቀድሞ ግልባጭ ፈልጉ። ክሪታ ስታስቀምጡ የቀድሞውን ፋይል በስሙ መጨረሻ ላይ የ«~» ምልክት አድርጎ በዚያው ፎልደር ያቆየዋል። በኢሜልም ሆነ በቴሌግራም ለጓደኛ የላካችሁት ካለ እሱንም ተመልከቱ።

4ኛ/ ፋይሉ ዚፕ ከሆነ እንደ ዚፕ ክፈቱት። ኦፕን ራስተርም ሆነ የክሪታ ፋይል ሁለቱም ዚፕ ናቸው። በግልባጩ ላይ የስሙን ቅጥያ ወደ ዚፕ ለውጡና ሰቨን ዚፕ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈቱት። «መጨረሻው ጎድሏል» ብሎ ቢያስጠነቅቅም የሚያገኘውን ያወጣላችኋል። የኦፕን ራስተር ድርቦች ተራ ሥዕሎች ስለ ሆኑ ወዲያው ይታያሉ። በክሪታ ፋይል ውስጥ ግን ድርቦቹ የተጻፉት በክሪታ በራሱ ቋንቋ ነው፤ በቀላሉ የሚገኘው የተዋሃደው ሥዕል ነው።

5ኛ/ መልሳችሁ ደርቡ። በጊምፕ «እንደ ድርብ ክፈት» በሚለው ትእዛዝ ሥዕሎቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ማስገባት ይቻላል። የተራው ዝርዝር ከጠፋ የቱ ከላይ፣ የቱ ከታች እንደ ነበረ ማስታወስ የእናንተ ፋንታ ነው። የእኔ ድርቦች ሁሉም የገጹን ሙሉ ስፋት የያዙ ስለ ነበሩ በልካቸው ገጠሙ። ትንንሽ ቢሆኑ ኖሮ ቦታቸውን በእጅ መፈለግ ግድ ይሆን ነበር።

የፎቶሾፕ ፋይል፣ ፒ.ኤስ.ዲ.፣ ዚፕ አይደለም፤ አምስት ክፍሎች በተርታ የተጻፉበት ነው። መጀመሪያ 26 ባይት የሆነ መግቢያ፣ ቀጥሎ የቀለም መረጃ፣ ሦስተኛ ልዩ ልዩ መረጃ (ትንሿ ናሙና ሥዕል ያለችው እዚህ ነው)፣ አራተኛ ድርቦቹ፣ አምስተኛ የተዋሃደው ሥዕል። ከዚህ እንደምንረዳው ጭራው ከተቆረጠ የተዋሃደው ሥዕል ቢጠፋም ድርቦቹ ሊተርፉ ይችላሉ። ድርቦቹ ከተበላሹ ደግሞ የተዋሃደው ሊተርፍ ይችላል። ፎቶሾፕ እምቢ ያለውን ጊምፕ ወይም ክሪታ ሊቀበለው ስለሚችል በአንድ በር ተመልሳችሁ አትቅሩ።

መ/ ምን ተገኘ? ምን ጠፋ?

ከእኔ ፋይል መንገዶቹ፣ ወንዞቹና ማሳው ሙሉ በሙሉ ወጡ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! አራተኛው፣ ማለት ጎርፉ፣ ግን ግማሽ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጊምፕ ከላይኛው ድርብ ጀምሮ ስለሚጽፍ ከሁሉ ሥር ያለው መጨረሻ ላይ ደረሰ። ሥዕሉም ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ስለሚጻፍ የላይኛው ግማሽ ብቻ ተረፈ። በካርታ ላይ ላይኛው ሰሜን ነው። ስለዚህ የርብ በኩል ጎርፍ ተመለሰ፤ የጉማራ በኩል ጠፋ።

ደብተሬን ገለጥኩ። የጉማራን በኩል የጻፍኩት ለጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ሌላውን «አስታውሰዋለሁ» ብዬ በቀጥታ ኮምፒዩተር ላይ ሥዬው ነበር። ያን ማታ ፈተና መጣብኝ። በግምት አንድ ሰማያዊ መስመር ስቤ ልጨርሰው? ማን ያውቅብኛል?

ሠ/ ስለ መሙላት ከሰማይ የተገኘ ትምህርት

ይህ ጥያቄ የኔ ብቻ እንዳልሆነ ቆይቼ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጠቀችው ላንድሳት 7 የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት መሬትን በልዩ ልዩ የብርሃን ዓይነት እያነሣች የምትልከው ሥዕል እሱም ድርብርብ ነበር። ግንቦት 23 ቀን 1995 ዓ.ም የመስመር ማስተካከያ መሣሪያዋ ተበላሸና ከዚያ በኋላ የላከችው ሥዕል ሁሉ ባዶ ሰንበሮች ያሉበት ሆነ። ከአንዱ ሥዕል 22 በመቶ ያህሉ አይገኝም ነበር። ባለሙያዎቹ አልጣሉትም። ባዶውን በሌላ ቀን ከተነሣ ሥዕል እየሞሉ ተጠቀሙበት።

ነገር ግን መሙላት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተራራ ከወር ወር ቦታውን አይለቅም፤ ጎርፍ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። የነሐሴን ባዶ በጥር ሥዕል ብንሞላው በውሃ የተከበበው መንደር ደረቅ መስሎ ይታያል። ሥዕሉ ሞላ፤ እውነቱ ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ በሌላ የተሞላ ቦታ መሞላቱ መነገር አለበት።

እኔም ይህንኑ አደረግሁ። ከፋይሉ የተመለሰውን ጎርፍ በድፍን ሰማያዊ ተውኩት። ከደብተሬ ያገኘሁትን በነጠብጣብ መስመር ሣልኩት። የማላውቀውን ነጭ አድርጌ ከግርጌው «ገና አልተጠየቀም» ብዬ ጻፍኩበት።

በትምህርቱ ዕለት አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ የእኛ ሰፈር ለምን ነጭ ሆነ?» አለችኝ። አፍሬ ነበር፤ ሆኖም የሆነውን ነገርኳቸው። «እንግዲያው ማታ ቤታችሁ ጠይቁልኝ» አልኩ። በማግሥቱ ከጉማራ በኩል የሚመጡት ልጆች የወላጆቻቸውንና የአያቶቻቸውን ቃል ይዘው መጡ። አንዱ የዋርካ ግንድ፣ ሌላው የቤት ምሰሶ እየጠቀሰ ነጩን ቦታ አብረን በነጠብጣብ ሞላነው። ሁለቱ ያመጡት ቃል እርስ በርሱ ስላልተስማማ ያን ቦታ ነጭ እንደ ሆነ ተውነው። በግምት አንድ መስመር ስቤ ቢሆን ኖሮ ያቺ ልጅ አትጠይቅም ነበር። ቤቷ ያልደረሰ ውሃ እንደ ደረሰ፣ ወይም የደረሰው እንዳልደረሰ አድርጌ አስተምሬያት እሄድ ነበር።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ፍላሽ ስታወጡ አትቸኩሉ፤ ሥራችሁን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ከሰው የሰማችሁትን ከመሣላችሁ በፊት በደብተር ጻፉ። ፋይል ቢበላሽ ደግሞ ተረጋግታችሁ ክፈሉት፤ የተረፈውን ሰብስቡ፤ ያልተረፈውን እንደተረፈ አታስመስሉ።

መለማመጃ ጥያቄዎች

1. የዚፕ ፋይል ጭራው ቢቆረጥ ውስጡ ያሉት ሥዕሎች ለምን ሁሉም አይጠፉም?
2. አንድ ጓደኛችሁ የተበላሸውን ፋይል በዚያው ፍላሽ ላይ ደጋግሞ እየጻፈ ሲሞክር ብታገኙት ምን ትመክሩታላችሁ? ምክንያቱንም ግለጹ።
3. ለልምምድ ካዘጋጃችሁት መርጃ መሣሪያ ውስጥ ቢጠፋ ከማንም ልታገኙት የማትችሉት ክፍል የትኛው ነው? ዛሬውኑ ገልብጡት።

ቸር ይግጠመን!

ከአንድ ዕጩ መምህር