ከሩጫ በኋላ ወዲያው ለምን አንቆምም?

ባለፈው ሳምንት በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሜዳውን አራት ጊዜ ዞረን ስንጨርስ፣ አብዛኞቻችን መስመሩ ላይ ደርሰን ቀጥ አልን። ከመካከላችን አንዷ ዓይኗ ጨልሞባት ወደቀች። እኛም «ቁርስ ሳትበላ ይሆናል» እያልን ደግፈን ልናቆማት ታገልን። ኋላ ነገሩን ከመምህራችን ጋር ስናጠናው ሁለት ጊዜ መሳሳታችንን ተረዳን።

እንደሚታወቀው ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ከዚህ ውስጥ ለጡንቻዎች የሚደርሰው አንድ አምስተኛው ገደማ ነው። በሩጫ ጊዜ ግን ጡንቻዎች ብዙ ኦክስጅን ስለሚፈልጉ የልብ ትርታና አተነፋፈስ ይፈጥናል፤ የሚረጨውም ደም በደቂቃ 20 ሊትር ሊደርስ ይችላል። የእግር ጡንቻዎች የደም ቧንቧዎች ይሰፋሉ፤ አብዛኛው ደም ወደዚያው ይሄዳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ደም ከእግር ሽቅብ የሚመለሰው በልብ ኃይል ብቻ አይደለም። በተራመድን ቁጥር የባትና የጭን ጡንቻዎች የደም መልስ ቧንቧዎችን እየጨመቁ ደሙን ወደ ላይ ይገፉታል። ቀጥ ብለን ስንቆም ጭመቃው ይቋረጣል፤ ቧንቧዎቹ ግን እንደ ሰፉ ይቆያሉ። ስለዚህ ደሙ እግር ላይ ይጠራቀማል፤ ለአንጎል የሚደርሰው ያንሳል፤ ራስ ይዞራል። የወደቀን ሰው ደግፎ ማቆምም ችግሩን ያባብሰዋል።

በመሆኑም ነገ ተማሪዎችን ስናስሮጥ የሚከተሉትን አንርሳ።

1ኛ/ ሩጫው እንዳለቀ በዝግታ ሶምሶማ፣ ቀጥሎም በእርምጃ 5 ደቂቃ ያህል እናቆያቸው።

2ኛ/ ራሱን የሳተ ካለ በጀርባው አስተኝተን እግሩን ከፍ እናድርግለት። ቶሎ ካልነቃ፣ ወይም የወደቀው ገና እየሮጠ ሳለ ከሆነ፣ ወይም ደረቱን ካመመው ሳንዘገይ ወደ ሕክምና እንውሰደው። «ሰነፍ ነህ» ብለን አንለፈው።

3ኛ/ ከሩጫ በፊት፣ ወዲያው እንደ ጨረሱ፣ ከ5 ደቂቃም በኋላ የእጃቸውን የደም ትርታ ለ15 ሴኮንድ ቆጥረው በ4 ያባዙ። ሰዓት ብቻ በቂ ነው፤ ሌላ የትምህርት መርጃ አያስፈልግም። ልባቸው ወደ ዕረፍቱ ቀስ በቀስ ሲመለስ ራሳቸው ያዩታል።

አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሶ ሲያሸንፍ፣ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ ተደንቆ ነበር። 42 ኪሎ ሜትር የሮጠው አበበ ወዲያው ካልቆመ፣ ሜዳ አራት ጊዜ የዞርን እኛ ምን ያስቸኩለናል?